የድሮ የሆሊውድ ሙዚቃዊ ፊልሞችን መስማት የተማርኩበት መንገድ

ሰዎች ሲነጋገሩ ቆይተው በድንገት ወደ ዘፈን የሚገቡበት ፊልም ለብዙ ዓመታት አይዋጥልኝም ነበር። ዘፈንን የማውቀው በሠርግ፣ በመድረክ፣ በካሴትና በክሊፕ ነው፤ በአንድ ታሪክ መካከል ተዋናዩ ተነሥቶ ሲያዜም፣ ከየት እንደመጣ የማይታይ ኦርኬስትራም ሲያጅበው፣ ታሪኩ የተቋረጠብኝ እየመሰለኝ ጣቢያ እቀይር ነበር። ይህ ስሜቴ የተለወጠው በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንዲት አዛውንት እናትን በምሽት በተንከባከብኩባቸው ሦስት ዓመታት ውስጥ ነው። እኒህ እናት ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በትምህርት ቤት የመዘምራን ቡድን ያሠለጥኑ ነበር። ዕድሜያቸው ወደ ዘጠና ሲቃረብ ዓይናቸው በጣም ከመድከሙ የተነሣ የቴሌቪዥኑን ምስል መለየት ተስኗቸው ነበርና፣ ከራት በኋላ የሚወዱትን ፊልም ከፍቼ አጠገባቸው እቀመጥና የሚታየውን በቃል እነግራቸዋለሁ፤ እርሳቸው ደግሞ የሚሰማውን ያስረዱኛል። ያስተማሩኝን እንደ እኔ እነዚህን ፊልሞች ሞክሮ ለተወ ሰው ይጠቅም ይሆናል ብዬ እጽፋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ትምህርቴ የተገኘው በ1939 ከተሠራው «ዘ ዊዛርድ ኦቭ ኦዝ» ነው። ጁዲ ጋርላንድ ፊልሙ ሲቀረጽ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። በካንሳስ የገበሬ ቤት ውስጥ የምትኖር ልጅ ሆና ትጫወታለች፤ ጭንቀቷን ለአክስቷ ልትናገር ትሞክራለች፣ ሠራተኞቹንም ታዋያለች፣ ነገር ግን ሁሉም ሥራ ይዘዋልና የሚያዳምጣት አታገኝም። ከዚያ በኋላ ነው ውሻዋን ይዛ «ኦቨር ዘ ሬይንቦ» የተሰኘውን ዘፈን የምትዘፍነው። አዛውንቷ ቴፑን አስቁመው፣ ዓይኔን ጨፍኜ የመጀመሪያውን ቃል ብቻ እንድሰማ አዘዙኝ። ቃሉ ሁለት ቀለም (ሁለት የድምፅ ክፍል) ብቻ አለው፤ ከመጀመሪያው ቀለም ወደ ሁለተኛው ሲያልፍ ግን ዜማው አንድ ሙሉ ኦክታቭ (ከአንድ ድምፅ እስከ ቀጣዩ ከፍ ያለ አቻው ያለውን ርቀት) ወደ ላይ ይዘላል። ልጅቷ ያለችበት ዝቅ ያለው ድምፅ ነው፣ የምትመኘው ቦታ ከፍ ያለው ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው አንድ ትንፋሽ ነው። ይህን ከሰማሁ በኋላ ዘፈኑ ታሪኩን አቋረጠ ብዬ ማሰብ አልቻልኩም፤ ልጅቷ በንግግር ሞክራ ያልተሳካላትን ነገር በዜማ እየተናገረች ነበርና። ፊልሙ ለሙከራ ለተመልካች ከታየ በኋላ ይህ ዘፈን ፍጥነት ይቀንሳል ተብሎ እንዲወጣ ተደርጎ እንደነበረና በኋላ እንደተመለሰ ሲነግሩኝ፣ በፊት እኔ ያሰብኩትን የስቱዲዮው ሰዎችም አስበውት እንደነበር ገባኝ። ዘፈኑ የዓመቱን ምርጥ ዘፈን ኦስካር አግኝቷል።

ስለዚህ ለጀማሪ የምሰጠው የመጀመሪያ ምክር ይህ ነው፦ ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ያለውን አንድ ደቂቃ በጥሞና ተከታተሉ። ገጸ ባሕርይው ምን ሊናገር ፈልጎ እንዳልቻለ፣ ማን እንዳልሰማው፣ ምን እንደተከለከለ እዚያ ታገኙታላችሁ። ያንን ይዛችሁ ወደ ዘፈኑ ስትገቡ ግጥሙ የሚያወራው ስለ ማን እንደሆነ አይጠፋችሁም። እንግሊዝኛው ለሚከብደው ሰው ደግሞ የእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፉን ማብራት ትልቅ እገዛ አለው፤ በእነዚህ ዘፈኖች ውስጥ ግጥሙ በጣም የተለፋበት ስለሆነ፣ ቃሉ ካመለጠ ግማሹ ሙዚቃ ያመልጣል። እኔ አንዱን ዘፈን በመጀመሪያ ጽሑፉን እያነበብኩ እሰማለሁ፤ ከዚያ ወደ ኋላ መልሼ ጽሑፉን አጥፍቼ ፊቱን ብቻ አያለሁ።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ድምፅ ቀረጻ ነበር። አገራችን ውስጥ ዘፋኝ በተቀዳ ድምፅ ላይ አፉን እያንቀሳቀሰ መድረክ ላይ ሲታይ «ፕሌይባክ ነው» እንላለን፤ አነጋገራችንም የወቀሳ ነው። በሆሊውድ ግን ሙዚቃዊ ፊልም የተሠራው በአብዛኛው እንዲህ ነው። ድምፅ ያለው ፊልም እንደተጀመረ ዘፈኑና ምስሉ በአንድ ጊዜ ይቀረጹ ነበር፤ ካሜራው ከነጩኸቱ በሣጥን ውስጥ ይዘጋ ስለነበር እንደ ልብ መንቀሳቀስ አይችልም ነበር። በ1929 ኤምጂኤም ስቱዲዮ «ዘ ብሮድዌይ ሜሎዲ» የተሰኘውን ፊልም ሲሠራ፣ አንዱ የጭፈራ ክፍል እንደገና መቀረጽ ስላስፈለገው፣ ድምፁ መልካም ሆኖ የተቀዳ በመሆኑ ያንኑ ድምፅ እያጫወቱ ምስሉን ብቻ በአዲስ መልክ ቀረጹ። ከዚያ ወዲህ ዘፈኑን አስቀድሞ በስቱዲዮ ቀድቶ፣ በቀረጻው ቀን ተዋናዩ በዚያ ላይ እንዲጨፍርና አፉን እንዲያንቀሳቅስ ማድረግ የተለመደ አሠራር ሆነ። ስለዚህ አንድ ሰው ደረጃ እየዘለለ ሲዘፍን ትንፋሹ የማይቆራረጠው ለምን እንደሆነ ማወቅ ቅሬታ ሊያሳድርባችሁ አይገባም። ተዋናዩ ሁለት ሥራ ሠርቷል፤ አንዱን በማይክሮፎን ፊት በጉሮሮው፣ ሁለተኛውን በካሜራ ፊት በሰውነቱ።

ማይክሮፎኑ ራሱ ደግሞ የዘፋኞቹን አዘፋፈን ለውጦታል። በ1927 «ዘ ጃዝ ሲንገር» ላይ የታየው አል ጆልሰን ያለ ማጉያ በትያትር ቤት ያደገ ሰው ስለነበር፣ መጨረሻ ወንበር ላይ ለተቀመጠው ሰው እንደሚጮህ ሆኖ ይዘፍናል። ቢንግ ክሮዝቢን ስትሰሙ ግን ከአጠገባችሁ ተቀምጦ ለእናንተ ብቻ የሚያንጎራጉር ይመስላል። አዛውንቷ ይህን ልዩነት በደንብ እንድለየው የሁለቱን ዘፈን አከታትለው አሰምተውኛል፤ እናንተም በጆሮ ማዳመጫ ብትሞክሩት ልዩነቱ ወዲያው ይገለጥላችኋል። ፍሬድ አስቴርም ከዚህ ወገን ነው። ድምፁ ቀጭንና ትንሽ ነው፤ የግጥሙን እያንዳንዱን ቃል እንደሚናገር ሆኖ በትክክለኛው ምት ላይ ስለሚያሳርፈው ግን ታላላቆቹ የዜማ ደራሲዎች፣ ኧርቪንግ በርሊን፣ ጆርጅ ገርሽዊንና ኮል ፖርተር፣ ለእርሱ መጻፍን ይወዱ ነበር። ከጂንጀር ሮጀርስ ጋር በአሥር ፊልሞች ተጫውቷል፤ ጀማሪ ሰው በ1935 የወጣውን «ቶፕ ሃት» ቢያይ አይቆጭም። አስቴር ሲጨፍር ከራሱ እስከ እግሩ ጫፍ እንዲታይና ምስሉ በተቻለ መጠን ሳይቆራረጥ እንዲቀጥል ይጠይቅ ስለነበር፣ ጭፈራውን ለአዛውንቷ በቃል መንገር ለእኔ በጣም ከባድ ሥራ ነበር። እግሩ ምን እንዳደረገ ነግሬያቸው ሳልጨርስ ሌላ ነገር አድርጎ ይጠብቀኛል። ያ ችግር ነው በትክክል ማየትን ያስተማረኝ።

ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝ ግን የድምፁ ባለቤት ጉዳይ ነው። በ1956 «ዘ ኪንግ ኤንድ አይ» በተሰኘው ፊልም ዴቦራ ከርን፣ በ1961 «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ላይ ናታሊ ዉድን፣ በ1964 «ማይ ፌር ሌዲ» ላይ ኦድሪ ሄፕበርንን አየሁና፣ ሦስቱም እንዴት እንዲህ ያለ ንጹሕ ድምፅ እንዳላቸው እየተደነቅኩ ለአዛውንቷ ነገርኳቸው። ፈገግ አሉና ሦስቱም አንዲት ሴት እንደሆኑ ነገሩኝ። ማርኒ ኒክሰን ትባላለች፤ በፊልሞቹ ላይ ስሟ አልተጻፈላትም ነበር። ዉድና ሄፕበርን ዘፈኖቹን ራሳቸው ቀድተው ነበር፣ ነገር ግን አብዛኛው በኒክሰን ድምፅ ተተካ። በመጀመሪያ የተታለልኩ መስሎኝ ተቆጣሁ። በኋላ ግን ሥራዋን ደጋግሜ ስሰማ፣ ለእያንዳንዷ ተዋናይ የአነጋገሯን ለዛ፣ የትንፋሿን ርዝመት፣ እንግሊዝኛዋን የምታወጣበትን መንገድ ሳይቀር ተከትላ እንደዘፈነች ተረዳሁ፤ ሦስቱም በድምፅ አይመሳሰሉም። ኒክሰንን ፊቷን ማየት የሚፈልግ ሰው በ1965 «ዘ ሳውንድ ኦቭ ሚዩዚክ» ላይ ከመነኮሳቱ አንዷ ሆና ያገኛታል። በዚያው ፊልም ጁሊ አንድሩስ በገዛ ድምፅዋ ስትዘፍን፣ የካፒቴኑን ሚና የያዘው ክሪስቶፈር ፕላመር ግን ሲዘፍን የሚሰማው የቢል ሊ ድምፅ ነው።

ይህን ካወቃችሁ በኋላ በ1952 የተሠራውን «ሲንጊን ኢን ዘ ሬይን» ብታዩ ደስታችሁ እጥፍ ይሆናል። የፊልሙ ታሪክ ድምፅ አልባው ፊልም በድምፅ ሲተካ፣ አንዲት ታዋቂ ተዋናይ ድምፅዋ አስቸጋሪ ስለሆነ አንዲት ወጣት ከበስተጀርባ እንድትዘፍንላት ስለመደረጉ ነው። ወጣቷን የምትጫወተው ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ዴቢ ሬይኖልድስ ናት። ለሌላዋ ስትዘፍን በሚታይበት ክፍል ላይ የምንሰማው ግን የሬይኖልድስ ሳይሆን የቤቲ ኖይስ ድምፅ ነው፤ ስለ ስውር ድምፅ በሚናገረው ፊልም ውስጥ ሌላ ስውር ድምፅ ተቀምጧል ማለት ነው። አዛውንቷ ይህን ክፍል ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ያሰሙኝ ነበር።

አሁን ስለማይዘለለው ጉዳይ ልጻፍ። ሊና ሆርንን መጀመሪያ ያየኋት በአንድ የ1940ዎቹ የኤምጂኤም ፊልም ውስጥ ነው። በሚያምር ልብስ ብቻዋን ቆማ ትዘፍናለች፣ ከዚያ ትጠፋለች፤ ከፊልሙ ሰዎች ጋር አንድ ቃል አትለዋወጥም። ለአዛውንቷ የሚታየውን ስነግራቸው «ለምንድን ነው ማንም የማያናግራት?» ብዬ ጠየቅኩ። መልሱን ሲሰጡኝ ድምፃቸው ተለውጦ ነበር። ሆርን በ1942 ከስቱዲዮው ጋር የረጅም ጊዜ ውል የፈረመች ጥቁር አሜሪካዊት ናት፤ ዘፈኖቿ ከታሪኩ ተለይተው የሚቀረጹት በደቡብ ግዛቶች ያሉ ሲኒማ ቤቶች ጥቁር ሴት በክብር ስትታይ አንፈልግም ሲሉ፣ ክፍሏ ያለ ችግር ተቆርጦ እንዲወጣ ነው። በ1946 በአንድ ፊልም ውስጥ «ሾው ቦት» ከተሰኘው የመድረክ ሥራ የጁሊን ዘፈን ዘፍና ነበር፤ ጁሊ በትውልድ ጥቁርም ነጭም የሆነች ሴት ናት። በ1951 ግን ስቱዲዮው ያንን ሥራ ሙሉ ፊልም ሲያደርገው ሚናው ለነጯ ተዋናይ ለኤቫ ጋርድነር ተሰጠ፣ የምትዘፍነውም በፊልሙ ውስጥ በሌላ ሴት ድምፅ ተተካ። ዘፋኝ የሆነችው ሴት ተትታ፣ ለማትዘፍነው ሴት ድምፅ ተፈለገላት ማለት ነው። ያን ምሽት ፊልሙን አልጨረስነውም።

ይህን የምጽፈው ፊልሞቹን እንድትተዉ አይደለም። ሊና ሆርንን እንደሚገባት ማየት የሚፈልግ ሰው በ1943 የወጣውን «ስቶርሚ ዌዘር» ይፈልግ። ተዋናዮቹ ጥቁሮች ናቸው፤ ከሆርን ጋር ቢል ሮቢንሰን፣ ፋትስ ዋለርና ካብ ካሎዌይ አሉበት። በመጨረሻው አካባቢ ኒኮላስ ወንድማማቾች የሚባሉት ሁለት ተወዛዋዦች በካሎዌይ ባንድ መካከል ጨፍረው፣ በትልልቅ ደረጃዎች ላይ አንዱ በሌላው ላይ እየዘለለ እግራቸውን ዘርግተው ሲያርፉ ይታያሉ፤ በእኔ አስተያየት በእነዚህ ፊልሞች ሁሉ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ የጭፈራ ቀረጻ የለም። በ1954 «ካርመን ጆንስ» ላይ ደግሞ ዶሮቲ ዳንድሪጅ አለች። እርስዋም ሆነች አብሯት የተጫወተው ሃሪ ቤላፎንቴ ዘፋኞች ነበሩ፤ ሙዚቃው ግን ከፈረንሳዊው የዜማ ደራሲ ከቢዜ ኦፔራ የተወሰደ ነውና ድምፃቸው በሌሎች ተተካ፤ የዳንድሪጅን ክፍል የዘፈነችው በኋላ በኦፔራ ስመ ጥር የሆነችው፣ ያኔ የሃያ ዓመት ወጣት የነበረችው ነጯ ማሪሊን ሆርን ናት። በፊልሙ ውስጥ በራሷ ድምፅ ስትዘፍን የምትሰማው ፐርል ቤይሊ ናት፤ ክፍሏ ሲደርስ የምሠራውን ትቼ አዳምጣታለሁ። ዳንድሪጅ በዚህ ሚና በመሪ ተዋናይት ዘርፍ ለኦስካር የታጨች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆናለች።

ልጆች ይዛችሁ የምታዩ ከሆነ አንድ ነገር አስቀድማችሁ እወቁ። በዚያ ዘመን ነጭ ተዋናዮች ፊታቸውን ጥቁር ቀለም ተቀብተው የሚታዩባቸው ክፍሎች አሉ፤ በጆልሰን ፊልም ብቻ ሳይሆን በ1936 «ስዊንግ ታይም» ላይ በአስቴር፣ በ1942 «ሆሊዴይ ኢን» ላይ በክሮዝቢም ይታያል። እኔ የእህቴን ልጆች ይዤ ሳላውቅ ገጥሞኝ፣ የማስረዳበት ቃል አጥቼ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁ። አሁን አስቀድሜ ብቻዬን አየዋለሁ፤ ያ ክፍል ያለበትን ፊልም ለታዳጊዎቹ የማሳያቸው አስቀድሜ ምን እንደሆነ ነግሬያቸው ነው፣ ለሕፃናቱ ግን አላሳይም።

ከዋክብቱን ብቻ ሳይሆን የዜማ ደራሲውን መከተል አዛውንቷ ያስተማሩኝ ሌላው መንገድ ነው፤ እኔን ከሁሉ በላይ የጠቀመኝም እርሱ ነው። የሃሮልድ አርለንን ምሳሌ ልስጥ። አባቱ በቡፋሎ ከተማ በአይሁድ ምኩራብ የጸሎት ዜማ መሪ ነበሩ፤ ዜማን በቤተ ጸሎት ተምሮ ወደ መድረክ የሚወጣ ሰው ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጋርላንድ በልጅነቷ የዘፈነችውን የቀስተ ደመናውን ዜማ፣ «ኦቨር ዘ ሬይንቦ»ን፣ የደረሰው እርሱ ነው። ሊና ሆርን በ1943 የዘፈነችውን «ስቶርሚ ዌዘር» ዘፈንም አስቀድሞ በ1933 የደረሰው እርሱ ነው። በ1954 ደግሞ «ኤ ስታር ኢዝ ቦርን» በተሰኘው ፊልም ውስጥ ለጋርላንድ እንደገና ጻፈላት፤ ያኔ ልጅ አይደለችም፣ ብዙ የተጎዳች የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ናት። ከሥራ ሰዓት በኋላ በተዘጋ ክለብ ውስጥ ከጥቂት ሙዚቀኞች ጋር፣ ጥሎ ስለሄደ ሰው ትዘፍናለች፤ ካሜራውም ከእርስዋ ሳይለይ በአንድ ተከታታይ ቀረጻ ይከተላታል። ዝቅ ብላ እንደ እንጉርጉሮ ትጀምራለች፤ ከዚያ ድምፅዋ እየሰፋ ክፍሉን ሁሉ ይሞላል፤ መጨረሻ ላይ ተመልሶ ይወርዳል። ትዝታ ሲዘፈን ሰምቶ ያደገ ሰው ይህን ዘፈን ለመረዳት አስተርጓሚ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። ሦስቱን ዘፈኖች በአንድ ምሽት አከታትላችሁ ስሟቸው፤ የአንድ ደራሲ እጅ ይታወቃል። ጋርላንድና ዳንድሪጅ በዚያው ዓመት በአንድ ዘርፍ ለኦስካር ታጭተው ነበር፤ ሽልማቱን የወሰደችው ግን ግሬስ ኬሊ ናት። አዛውንቷ ይህን ውሳኔ እስከ መጨረሻው አልተቀበሉትም፤ እኔም ሁለቱን ፊልሞች ካየሁ በኋላ ከእርሳቸው ጎን ነኝ።

ስለ አመራረጥ ጥቂት ልጨምር። ብዙ ሰው በ«ዘ ሳውንድ ኦቭ ሚዩዚክ» ይጀምራል፤ ፊልሙን እወደዋለሁ፣ ሆኖም ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ የሚቀረው ስለሆነ ገና ላልለመደ ሰው ይረዝማል። «ሲንጊን ኢን ዘ ሬይን» አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። ከዚያም በፊት ጣዕሙን መቅመስ የሚሻ ሰው በ1974 ኤምጂኤም ከድሮ ፊልሞቹ ምርጥ ምርጡን ዘፈንና ጭፈራ ሰብስቦ ያወጣውን «ዛትስ ኢንተርቴይንመንት» ይመልከት፤ ከዚያ ውስጥ የወደደውን ዘፋኝ መርጦ ሙሉ ፊልሙን ይፈልግ። በአሜሪካ የምትኖሩ ከሆነ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ዲቪዲዎቹን በነፃ ያውሳሉ። በሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ላላችሁ ደግሞ በ1938 ተከፍቶ፣ ታድሶ በ2003 እንደገና ሥራ የጀመረው የሲልቨር ሲኒማ ቤት የድሮ ፊልሞችን በትልቁ ስክሪን ያሳያል። አንድ ምክር ብቻ፦ በአንድ ቀን ሁለት ፊልም አትዩ። ዘፈን በዘፈን ላይ ሲደራረብ ጆሮ ይደክማል፤ ያየሁትን ፊልም አንዱን ዜማ በማግሥቱ ሥራ ላይ ሳንጎራጉረው ነው የወደድኩት መሆኑን የማውቀው።

አዛውንቷ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ባለፈው ዓመት እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጣች። እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ስለዚህ ነገሩ ተገለበጠ፣ አሁን የሚሰማውን የምተረጉመው እኔ ሆንኩ፣ የሚታየውን የምትነግረኝ እርስዋ። «ሲንጊን ኢን ዘ ሬይን»ን ከፈትኩላት። የፊልሙ መሪ ተዋናይ ጂን ኬሊ ጃንጥላውን አጥፎ በዝናቡ ውስጥ እየዘፈነ መጨፈር ሲጀምር ግጥሙን ልተረጉምላት ስል በእጇ ዝም አሰኘችኝ። ውኃው ከአሸንዳ እየወረደ ፊቱ ላይ ሲፈስስ፣ በኩሬው ውስጥ እንደ ሕፃን ሲንቦጫረቅ ዝም ብላ ካየችው በኋላ «ልጄ፣ ይኼ ሰውዬ ነገ አልጋ ላይ ነው የሚውለው» አለች። ይህን ክፍል ሲቀርጽ ሙቀቱ ከ39 ዲግሪ በላይ የሆነ ትኩሳት ይዞት እንደነበር ነገርኳት። እናቴ ወደ ስክሪኑ ዞረች፣ ከንፈሯን መጠጠችና «እስቲ ከመጀመሪያው መልሺልኝ» አለችኝ።